የእትዬ ቃሪያ

የእትዬን ቃሪያና ቲማቲም ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ብርዱ አልጎዳውም፤ ዘሩ አላረጀም፤ የሰው ዓይንም አላረፈበትም። በገዛ ግቢዬ ሣር፣ ሰው ልጎዳ ሳላስብ፣ ሳልሰርቅና ሳልዋሽ አጠፋሁት። «ሳልዋሽ» ያልኩትን ግን ወደ በኋላ አነሳዋለሁ።

የምኖረው ሚኒሶታ ነው፤ ከሚኒያፖሊስ በስተሰሜን ካሉት ከተሞች በአንዷ። እትዬ አጥር የምንዋሰን ጎረቤቴ ነበሩ። የቡታጅራ ሰው ናቸው። ልጃቸው አምጥታቸው የልጅ ልጅ አሳደጉ፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ እጃቸው ሥራ ፈታና ጓሮውን ቆፈሩት። ጎመን፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ቲማቲም ተከሉ። ከሁሉ በላይ የሚሳሱለት ግን ቃሪያቸውን ነበር። ዘሩ ከአገር ቤት የመጣ የማረቆ በርበሬ ነው፤ በጨርቅ ተቋጥሮ በቆርቆሮ ይቀመጣል። ጉምሩኩን እንዴት እንዳለፈ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ እሳቸውም ሊነግሩኝ አልፈለጉም። በየዓመቱ ማርች ላይ፣ ውጭው ገና በረዶ ለብሶ ሳለ፣ በእርጎ ዕቃ ዘርተው ሳሎን መስኮት ላይ ይደረድሩታል። ሜይ ሲያልቅ ችግኙ ወደ ጓሮ ይወርዳል። ውርጭ እስኪመለስ ያለው ጊዜ አጭር ስለሆነ አብዛኛው በአረንጓዴው ይለቀማል፤ ለመቅላት ከደረሰው ላይ ለከርሞ ዘር ያስቀራሉ። ዘሩን እንዲህ እያደሱ ነው ያቆዩት።

እኔ ደግሞ ሣር ላይ ነበርኩ። ለሣር የተለየ ፍቅር ኖሮኝ አይደለም፤ ልጅ ሳለሁ ሣር ማለት በዓል ሲደርስ ከጉልት ተገዝቶ መጥቶ ቤት የሚጎዘጎዝ ነገር ነበር። ቤቱን በገዛሁበት በጋ ሁለት ቦታ እሠራ ስለነበር ግቢዬ ተዘነጋ፤ ከከተማው አስተዳደር ደብዳቤ መጣ። እዚህ ብዙ ከተሞች የሣርን ቁመት በደንባቸው ይወስናሉ፤ ሚኒያፖሊስ ለምሳሌ ከ8 ኢንች፣ ማለትም ከ20 ሴንቲሜትር ገደማ በላይ አይፈቅድም። ደብዳቤው ትሑት ነበር፤ እጨድ ነው የሚለው፣ ሌላ የለውም። እኔ ግን ያልተጻፈውን ጨምሬ አነበብኩት፦ «ይኸው፣ አበሻ ቤት ሲገዛ።» ማን እንደጠቆመብኝ ስለማላውቅ መንገዱ ላይ ያሉትን ሁሉ ጠረጠርኩ። ከዚያ ወዲያ ሣሬ ከሁሉም ሣር መብለጥ ነበረበት። ይህን ጠባይ አሁን ሳስበው፣ ከደብዳቤው ይልቅ የኔ ትዕቢት ነበር ሰው የጎዳው።

የዚህ አገር ሣር ጠባዩን ለማያውቅ ሰው ግራ ያጋባል። በብዛት የሚዘራው ኬንታኪ ብሉግራስ ይባላል፤ ስሙ እንጂ ትውልዱ ኬንታኪ አይደለም፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። አገር ቤት የምናውቀው ሰርዶ እዚህ ቢተከል ክረምቱ አያሳልፈውም። ይኸኛው ግን የብርድ ልጅ ነው፤ የሚያድገው በጸደይና በመጸው ነው፣ የጁላይ ሙቀት ሲበረታ ቡናማ ሆኖ ይተኛል፣ ክረምቱን ከበረዶ ሥር ያሳልፋል። ብርዱ ደግሞ ቀልድ አይደለም። በደቡቡ የሚኒሶታ ክፍል የቤት መሠረት ሲጣል 42 ኢንች፣ ከአንድ ሜትር በላይ እንዲወርድ ሕጉ ያስገድዳል፤ በሰሜኑ 60 ኢንች ነው። ምክንያቱ መሬቱ እስከዚያ ድረስ ድንጋይ ሆኖ ስለሚረጋና ሲረጋ የሚያነሳውን ስለሚያነሳ ነው። ሣሩ ታዲያ በዚያ ውስጥ ይኖራል። ቅጠሉ ይሞትና ከአፈሩ ጋር የተጣበቀችው አንጓው ነፍሷን ይዛ ትቆያለች። ከሰው የሚፈልገው ነገር ትንሽ ነው፤ ዋናው በጊዜው መዝራት ነው። ጊዜውም ከኦገስት አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ነው፤ አፈሩ ገና ሞቃት፣ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል። የእኛ እንቁጣጣሽ የሚውለው ያ በር ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ብዙ አበሻ ሣሩን የሚዘራው ግን በጸደይ፣ በረዶው ሲቀልጥ ደስ ብሎት ነው። እኔም።

አንድ ዓመት መጸው ላይ፣ ኖቬምበር ሊገባ ሲል፣ ናይትሮጅኑ የበዛ ማዳበሪያ ገዛሁ። ለክረምት የሚያሰናዳ ነው ተብሎ ይሸጣል። በመጠኑ መበተን ሲገባኝ እጥፍ አድርጌ በተንኩ። መሬቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ሥሩ ከዚያ ብዙ እንደማይወስድ፣ ያልተወሰደውም ወደ ከርሰ ምድር ውኃና ወደ ሐይቅ እንደሚሄድ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሣር ሰዎች ሲናገሩ ኖረዋል። እኔ ከነሱ ይልቅ ጆንያው ላይ የተሳለውን አረንጓዴ ሥዕል አመንኩ። በዚያ ላይ የመጨረሻውን አጨዳ ተውኩት። ቁመቱ ብርድ ልብስ ይሆነዋል አልኩ፤ የሜፕሉንም ቅጠል አላነሳሁም። ከዚያ በረዶው መሬቱ ሳይረጋ በጊዜ ወደቀና እስከ ማርች መጨረሻ ሳይነሳ ቆየ።

በረዶው ሲለቅ ግቢዬ ላይ ሳህን ሳህን የሚያካክሉ ክቦች ወጥተዋል፤ የታሸ ገለባ መስለው፣ በላያቸው ግራጫ ድር ያደረባቸው። የበረዶ ሻጋታ ነው። ለብርዱ የሚሆን ምግብና መኝታ ካገኘ፣ ማለትም ርኅሩኅ እጅ ያበላው ረጅም ሣርና እርጥብ ቅጠል ካገኘ፣ ከበረዶ ሥር ሆኖ ክረምቱን ሙሉ ይሠራል። ቅጠሉ ላይ ከሰናፍጭ የሚያንሱ ጥቁርና ቡናማ ፍሬዎች ትቶ ይሄዳል። ደንግጬ ሞተ አልኩ። ግራጫው ዓይነት ግን አብዛኛውን ጊዜ ቅጠል እንጂ አንጓ አይገድልም። የተጣበቀውን ቅጠል በሬክ ቀስ ብሎ አንስቶ ነፋስና ፀሐይ ማስገባት ብቻ ነበር፤ ሜይ ላይ ሣሩ ራሱ ይሸፍነዋል። እኔ ቁስሉን እስከ አፈሩ ፋቅሁት።

በፋቅሁት ላይ ዘር በተንኩ። ቀጥዬ በዚያው ቅዳሜና እሑድ፣ ሌላ አረም እንዳይገባብኝ፣ የክራብግራስ መከላከያ በተንኩበት። ይህ መከላከያ የሚሠራው ከአፈሩ ገጽ ላይ ሆኖ የሚበቅለውን ፍሬ ገና ሥር ሲሰድ በማጥፋት ነው። የገዛሁትን ዘርና የጠላሁትን አረም ለይቶ አያውቅም። ያንን ማንም የነገረኝ የለም ብዬ ላማርር ነበር፤ ጆንያው ላይ ተጽፏል። ብሉግራስ ለመብቀል ሁለት ሦስት ሳምንት ስለሚፈጅ ደግሞ ዘግይቶ ነው እያልኩ ጠበቅሁ። አልበቀለም። ተበሳጭቼ መሬቱን እንደገና ስቆፍር መከላከያውን ራሱን ገለበጥኩት፤ ራቁቱን ፀሐይ የሚሞቀው መሬት ላይ ክራብግራስ ገባበት። ጁላይ ሲገባ ግቢዬን ጠፍጣፋ ጣቶቹን ዘርግቶ ያዘው።

ክራብግራስ የአንድ ዓመት ተክል ነው። የመጀመሪያው ውርጭ ይገድለዋል። ብተወው ኦክቶበርን አያልፍም ነበር፤ እስከዚያ ፍሬው እንዳይረግፍ እያጨዱ ማቆየት ይበቃል። ነገር ግን ጎረቤት ይመለከተኛል። አረም ማጥፊያ ገዛሁ።

የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው። መድኃኒት ለሰው ስሰጥ ከምግብ በፊት ነው ከምግብ በኋላ፣ ከምን ጋር አይወሰድም፣ ሲያጠቡ ይሆናል አይሆንም ሳልል አላሳልፍም። ወረቀቱን የማያነብ ሰው ያናድደኛል፤ ተናድጄም ተናግሬያለሁ። ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ጥፋቱ ካለማወቅ ነው ብሎ ለኔ የሚከራከር ቢኖር እንዲያውቀው ነው። የማዳበሪያውን ጆንያ ፊት ያሉትን ሦስት ቁጥሮች በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ መካከለኛው ዜሮ የሆነበትንም ምክንያት ለሰው አስረዳለሁ። ሚኒሶታ ለግቢ ሣር ፎስፈረስ መጠቀምን በ2004 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች በመንትዮቹ ከተሞች፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል አካባቢ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በመላው ግዛት ከልክላለች፤ ከአገሪቱ ቀዳሚዋ ነበረች። አዲስ ሣር ለሚዘራ ወይም አፈሩ እንደሚጎድለው በምርመራ ላረጋገጠ ካልሆነ አይፈቀድም። ሐይቆቹን በአልጌ አረንጓዴ የሚያደርጋቸው እሱ ስለሆነ። ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው የአረም ማጥፊያውን ዕቃ ጀርባ አልገለጥኩም። ጀርባው ላይ ተላጦ የሚከፈት ትንሽ መጽሐፍ የሚያህል ጽሑፍ አለ። ከፊት ያለውን ክራብግራስ ይገድላል የሚለውን አነበብኩ፣ ከውኃ ጋር ስንት ለስንት እንደሚደባለቅ አየሁ፣ ረጨሁ።

ዕቃው ውስጥ ካሉት አንዱ ኩዊንክሎራክ ይባላል። ክራብግራሱን ይገድላል፤ ብሉግራሱ ግን ጠጥቶት ይኖራል። መኖሩ ነው ችግሩ፤ ኬሚካሉ ጤነኛ በሚመስለው አረንጓዴ ቅጠል ውስጥ ይቀመጣልና።

እትዬ የታጨደ ሣር ይወስዱ ነበር። ልማዱ የቆየ ነው፤ ምንም ሳልረጭ በፊት የተጀመረ። ቅዳሜ አጭጄ ስጨርስ ከረጢቱን በአጥር ላይ አቀብላቸዋለሁ፣ እሳቸው ከቃሪያውና ከቲማቲሙ ሥር ይጎዘጉዙታል። ሲቀበሉም ደስ ይላቸዋል፤ «ልጄ፣ የዚህ አገር ሣር እንኳ ሥራ ተገኘለት» ይላሉ። ጥሩ ነገር ነው፣ እርጥበት ይይዛል፣ ሲበሰብስ ያዳብራል። በለውጡ አንዳንዴ ጎመን፣ አንዳንዴ ትኩስ ዳቦ በአጥሩ ይመለሳል። ከረጨሁ በኋላም ቅዳሜ መጣ፤ አጨድኩ፣ አቀበልኩ። ያን ቀን ግቢዬ አምሮ ስለነበር ደስ ብሎኝ ሁለት ከረጢት ሰጠኋቸው።

ጥቂት ቆይቶ በአጥሩ ጠሩኝ። «አንተ የመድኃኒት ቤት ሰው አይደለህ፣ ና እስቲ እየኝ።» የቲማቲሙ አዲስ ቅጠል እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል፤ ከላይ ያለው ቀጥኖ እንደ ገመድ ተጠማዟል። ግንዱ ታጥፏል። ቃሪያው አበባውን ጥሎ ቆሟል። ጎመኑ ግን ደህና ነው። የዕፅዋትን የዕድገት ሆርሞን የሚመስል መርዝ ሲያገኘው ተክል እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ያለ ልክ እንዲያድግ ይታዘዝና ራሱን ጠምዝዞ ያልቃል። የቲማቲምና የቃሪያ ወገን ደግሞ ለዚህኛው ኬሚካል እጅግ ስስ ነው። ያኔ ይህን አላውቅም። ግን ልቤ ጠረጠረ፤ እግሬ ሥር ያለውን ጉዝጓዝ እያየሁ «እስቲ አጣርቼ እነግርዎታለሁ» ብዬ ሄድኩ።

ማታ ጋራዥ ገብቼ የዕቃውን ጀርባ ላጥኩት። መለያው ላይ የተጻፈውን ጥሶ መጠቀም የፌዴራል ሕግ መጣስ ነው ይላል፤ ይህ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ አለ። ወረድ ብሎ፣ የተረጨ ሣር ሲታጨድ ለአትክልት ሥር ጉዝጓዝ አይደረግ፣ ብስባሽ ውስጥ አይግባ ይላል። ፊደሉ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም የመድኃኒት ወረቀት ፊደል ከዚህ ያንሳል።

ያን ማታ ሄጄ ብነግራቸው ኖሮ ጉዝጓዙን እናነሳው ነበር። ከላይ ያለውን አፈርም ገፈን ቃሪያው ጥቂቱ ይተርፍ ይሆናል። ባይተርፍም ዘሩ ቆርቆሮው ውስጥ አለ፤ ለከርሞ ሌላ ቦታ ይተከላል። ይህን ሁሉ ጋራዡ ውስጥ ቆሜ አስቤዋለሁ። ያሰብኩት ሌላም ነገር አለ፦ ነገሩ በማኅበር ሲወራ፣ «ፋርማሲ የሚሠራው ልጅ» ሲባል። ዕቃውን መደርደሪያው ላይ መልሼ፣ ጀርባውን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ ገብቼ ተኛሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከረጢት አላቀበልኩም። «ማሽኑ ማጠራቀሚያው ተቀደደ» አልኳቸው። ያፈራችውን ጥቂት ቲማቲም እንዳይበሉ ፈርቼ «በሽታ ስላለው አይብሉት» አልኩ። በሽታ! «ምን በሽታ ነው?» ሲሉኝ የማላውቀውን የሻጋታ ስም ጠራሁ። እሳቸው አመኑኝ። «አንተ ካልክ» አሉ። እትዬ ሐኪም ሲያዝላቸው እንኳ ሁለት ጊዜ የሚጠይቁ ሴት ናቸው፤ እኔን ግን አንድ ጊዜ ነው የጠየቁኝ።

ክረምቱ ረጅም ነው። በአጥሩ ላይ አንገናኝም፤ በረዶ ስንጠርግ ብቻ ከሩቅ እንተያያለን። የሳቸውንም ደጃፍ እጠርግላቸዋለሁ፣ ያን ዓመት ከሌላው ጊዜ አብልጬ ጠረግሁ። ለንስሐ አባቴ በዚያ ጾም ብዙ ነገር ተናዘዝኩ። ይህን አልተናዘዝኩም፤ ቲማቲም ኃጢአት አይመስልም።

ማርች መጣና እትዬ ዘሩን መስኮት ላይ አወጡ። አየሁት። ችግኙ ወፍሮ፣ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ አደገ፤ እኔም መርዙ አልቋል ብዬ ራሴን አባበልኩ። ኩዊንክሎራክ ግን በአፈር ውስጥ ለወራት የሚቆይ ነገር ነው፣ አንዳንዴ ከዓመት ያልፋል። የሚያፈራርሱት ጥቃቅን የአፈር ነፍሳት ናቸው፤ እነሱ ደግሞ መሬቱ ሲረጋ ሥራ ያቆማሉ። ብርድ አገር ላይ መርዝም እንደ ሥጋ ሳይበላሽ ይቆያል። ችግኙ ሜይ መጨረሻ ወረደ፣ ጁን ሳያልቅ አዲሱ ቅጠል መጠማዘዝ ጀመረ። እንደ መጀመሪያው ዓመት አልከፋም፤ ግን በቃ፣ አበባው አይዝም።

እትዬ ያን ጊዜ የነገሩን ውል ሊይዙት ምንም አልቀራቸውም። አጥሩ ጋ ቆመው «መስኮት ላይ ደህና ነበር፤ መሬት ሲነካ ነው የሚታመመው። አፈሩ ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ። ያልተማረ ሰው የሚሉ ይስሙ፤ ላቦራቶሪ ቢሆን ከዚህ የተሻለ አይጠይቅም። እኔ የመለስኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ዘሩ አርጅቶ ይሆናል፣ እትዬ። ያረጀ ዘር ሲበቅል ደህና ይመስልና ኋላ ይከዳል። ብርዱም አለ።»

ሐሰት ነው። ያረጀ ዘር ቀድሞ ነው የሚከዳው፣ ሳይበቅል። አፈሩን ሊጠይቁ ሲሉ ፊታቸውን ወደ ዘሩ የመለስኩት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም አፈሩ ወደ ጉዝጓዙ፣ ጉዝጓዙ ወደ እኔ ይወስዳል። «ሳልዋሽ» ያልኩትን እዚህ ላይ አንስቼዋለሁ።

መጸው ላይ ጓሮውን ሲያጸዱ አገኘኋቸው። ቆርቆሮውን ይዘዋል። ጨርቁን ፈትተው ዘሩን የቆሻሻ መጣያው ውስጥ አራገፉት፤ ጨርቁን ግን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «እናቴ ነበረች የሰጠችኝ» አሉ። «ዘሩም አረጀ፣ እጄም ከዳኝ። ድሮ እጀ ለምለም ነበርኩ።» የኔ እጅ ላይ ሬክ ነበር። በዚያች ደቂቃም ጊዜ ነበረኝ። የመጣያው መኪና የሚመጣው በማግስቱ ነው፤ ሌሊት ገብቼ ዘሩን መልቀም እችል ነበር። ልቅመው ብዬ አስቤ ነበር ብል ውሸት ይሆናል። ያሰብኩት «አሁንስ ጉዳዩ ተዘጋ» ብዬ ነው።

ከዚያ ወዲያ አልተከሉም። ጓሮው ላይ ወንበር አወጡበት። ቆይተው ወደ ቴክሳስ፣ ወደ ሌላዋ ልጃቸው ሄዱ፤ ብርዱ ለጉልበታቸው አልተስማማም ተባለ።

ሣሬ? በመጨረሻ አማረ፤ ያንን መካድ አልችልም። ለመጽሔት ሽፋን የሚሆን አንድ በጋ አሳለፈ። ካማረ በኋላ ግን ወደ አጥሩ ሲጠጋ ማየት ስላስጠላኝ ግማሹን ለወጥኩት። አሁን ከብሉግራስ ይልቅ ፋይን ፌስኪው የሚባለው ቀጭኑ ሣር ነው ያለኝ፤ ውኃም ማዳበሪያም ብዙ አይጠይቅ። ከነጭ ማገጥ ጋር ቀላቅዬ ኖቬምበር ላይ፣ በረዶ ሊጥል ሲል ዘራሁት። ዘሩ ክረምቱን ሳይበቅል ተኝቶ በጸደይ ይነሳል፤ ለዚህ ሥራ ብርዱ ራሱ ያግዛል። የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ለንቦች ብለው የሚመክሩት ዓይነት ነው፤ ግዛቱም ከ2019 ጀምሮ ሰዎች ግቢያቸው ላይ ለንብ የሚሆን አበባ ሲተክሉ ወጪያቸውን የሚጋራበት ፕሮግራም አለው። እኔ የመረጥኩት ለንቧ ብዬ አይደለም። ኩዊንክሎራክ ማገጥንም ይገድላል፤ ማገጥ ያለበት ግቢ ላይ ልረጭ ብል እንኳ እጄ እንዲያዝ ነው። ራሴን አላምነውም።

ያዘገየሁትን እንዲህ በቀላሉ ያናገረኝ ምን እንደሆነ ስናገር አፍራለሁ። ባለፈው ጸደይ አንድ መደብር ተሰልፌ ሳለ ከፊቴ ያለ ሰው ጋሪ ላይ የቲማቲም ችግኝና ያንኑ ዓይነት አረም ማጥፊያ አየሁ። ነጭ ሽማግሌ ነው፣ አላውቀውም። ሳላስብ ትከሻውን ነክቼ፣ የረጨኸውን ሣር ቲማቲሙ ሥር እንዳታደርግ፣ ጀርባውን አንብብ አልኩት። አመሰገነኝ። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ቁልፉን ማዞር አቃተኝ። ለማላውቀው ሰው በግማሽ ደቂቃ ያልኩት ነገር ነው እኮ።

ለእትዬ ስልክ ደወልኩ። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆቹ ተጠያየቅን። ከዚያ ነገርኳቸው፤ ከረጢቱን፣ ጋራዡን፣ የፈጠርኩትን በሽታ፣ ስለ ዘሩ ያልኩትን። ሳላሳጥር ነገርኳቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ዘሩስ?» አሉ።

«ዘሩ ደህና ነበር።»

«አላረጀም?»

«አላረጀም፣ እትዬ። ዋሽቼዎት ነው።»

ትንሽ ዝም አሉና፣ «ቲማቲሙስ ይቅር። እጄን ስረግም ግን አጠገቤ ቆመህ ትሰማኝ ነበር አይደል?» አሉ።

«እሰማ ነበር።»

ይቅርታ አድርጌልሃለሁ አላሉም። አልጠየቅኳቸውምም፤ ሳልጠይቅ ይሉኛል ብዬ ግን ጠብቄ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። የእኛ እናቶች ቶሎ «እግዜር ይቅር ይበልህ» ይላሉና። እትዬ ያሉት ሌላ ነው። ከዚያ ጉዝጓዝ ለብቻቸው እንዳልተጠቀሙ፣ ሁለት ከረጢት ስለበዛባቸው ለጽዋ ማኅበር እህቶቻቸው እንዳካፈሉ ነገሩኝ። እነዚያም ጓሮ ያላቸው ናቸው፤ የነሱም ቃሪያ በዚያው ሰሞን ተበላሽቶ ነበር። እንዲያውም አንዷ «ጉዝጓዝሽ ክፉ ዓይን አለበት» ብላቸው ተኳርፈው ከርመዋል። እኔ ከመርዙ በቀር ምንም የሰጠሁ አልመሰለኝም ነበር፤ ጸብም ሰጥቼ ኖሯል።

«ለእነሱ አንተው ትነግራቸዋለህ» አሉ። «እኔ አልነግርልህም።»

ስልክ ቁጥራቸውን ሰጡኝና ዘጉ። ያገኘኋቸውን በየቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። አንዷ ሳቀች፣ አንዷ ቡና አፍልታ ሳታጠጣኝ ሸኘችኝ። ያኮረፉት ሴትዮ ቁጥራቸው ተቀይሯል፤ ከከተማው እንደወጡ ሰማሁ፣ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም። ከሴንት ፖል ነበሩ፣ ጓሯቸው ውስጥ ከቃሪያው ሌላ ድንች የነበራቸው። ይህን የሚያነቡ ከሆነ፦ ያ ጉዝጓዝ የመጣው ከእኔ ግቢ ነው፤ እትዬ ምንም አያውቁም ነበር። ስልካቸው አልተቀየረም።